አንታሊያ፣ ባለ አምስት ኮከብ የባሕር ዳር ሆቴል፦ ከቡኪንግ እስከ ቼክ አውት

አንታሊያ ኤርፖርት የደረስነው ማታ ነው። ሹፌሩ ስማችንን የያዘች ወረቀት ይዞ ጠበቀን፣ ሻንጣችንን ጫነ፣ ተነሳን። ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው ብለን ነበር። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለተኛውም ሊያልቅ ሆነ። ባለቤቴ ስልኳን ከፍታ ካርታውን ስታይ ከተማዋ ከኋላችን ርቃ ቀርታለች። ለካ የያዝነው ሆቴል አላንያ ነው። ከአንታሊያ ከተማ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ!

የሸጠልን ኤጀንት አልዋሸም። አንታሊያ የከተማውም የክፍለ ሀገሩም ስም ነው፤ አላንያ ደግሞ በክፍለ ሀገሩ ውስጥ ናት። ያልጠየቅነው እኛ ነን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሄጃለሁ፣ አንዱን ከእናቴ ጋር። ብዙ ሰው ሆቴሉ ሲከፋው የሚያማርረው ምግቡን ወይም አገልግሎቱን ነው። እኔ እንዳየሁት ግን ነገሩ የሚበላሸው ገና ቤት ቁጭ ብለን ቡክ ስናደርግ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከቤት ይጀምራል።

1. ከኮከቡ በፊት ካርታውን እዩ

የሆቴሉን ስም ካርታ ላይ አስገቡና «ካሌይቺ» ከሚባለው አሮጌ ሰፈር ያለውን ርቀት ለኩ። ኬመር ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሌክ ወደ ምሥራቅ ከ30 ያልፋል። ሲዴ ወደ 70 ይጠጋል። ሁሉም የራሳቸው ውበት አላቸው፤ ሲዴ እንዲያውም ባሕሩ ጫፍ ላይ የቆመ የአፖሎ ቤተ መቅደስ ዓምዶች አሏት። ግን ሐሳባችሁ ጠዋት ታሪካዊውን ከተማ ዞሮ ከሰዓት ባሕር መግባት ከሆነ፣ ከተማዋ ውስጥ መሆን አለባችሁ።

ከተማዋ ውስጥም ቢሆን ባሕር ዳር ሁሉ አንድ አይደለም።

ካሌይቺ ማለት «ግንቡ ውስጥ» ማለት ነው። የድሮ የኦቶማን ቤቶች ታድሰው ትንንሽ ሆቴሎች ሆነዋል። ግቢያቸው ውስጥ የብርቱካን ዛፍ፣ ከእንጨት የተሠራ ሰገነት፣ ድመት በየጥጉ። ያምራል። ነገር ግን የራሳቸው ባሕር ዳርቻ የላቸውም። ከግንቡ ሥር መርመርሊ የምትባል፣ በክፍያ የሚገባባት ትንሽ ዳርቻ አለች፤ ያቺው ናት። መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ ባለ ጎማ ሻንጣ ስትጎትቱ ሰፈሩ ሁሉ መምጣታችሁን ይሰማል።

ከካሌይቺ ወደ ላራ በሚወስደው መንገድ ባሕሩ ላይ ያሉት ሆቴሎች ገደል አናት ላይ ናቸው። ቱርኮቹ ገደሉን «ፋሌዝ» ይሉታል። ፎቶው ላይ ሆቴሉ ባሕሩን የነካ ይመስላል፤ እውነትም ነክቷል፣ ግን ከላይ። ወደ ውሃው የምትወርዱት በሊፍት ወይም በደረጃ ነው። ታች ስትደርሱ የምታገኙት አሸዋ ሳይሆን መድረክና የብረት መሰላል ነው። ከመሰላሉ ሥር ያለው ውሃ ወዲያው ጥልቅ ነው። ዋና ለሚችል ሰው ገነት ነው። እንደ እኔ ደጋ ላይ አድጎ፣ ዋናን በሠላሳ ዓመቱ ለተማረ ሰው ግን ጭንቅ ነው። ቡክ ከማድረጋችሁ በፊት «አሸዋ ነው ወይስ መድረክ?» ብላችሁ ጻፉላቸው።

ኮኒያአልቲ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ ዳርቻ ነው፤ ከጀርባው ተራራ፣ ከፊቱ ባሕር። ዕይታው ከሁሉም ይበልጥብኛል። ዳርቻው ግን ጠጠር ነው። የውሃ ጫማ ካልያዛችሁ እግራችሁን እያነሳችሁ እንደ ዳክዬ ነው የምትገቡት። ብዙዎቹ ሆቴሎችም ከባሕሩ የሚለያቸው የመኪና መንገድ አለ።

ላራ፣ በተለይ ኩንዱ የሚባለው ጫፉ፣ አሸዋ ነው። ውሃው ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። ግዙፎቹ፣ ሁሉን ያካተቱ ሆቴሎች እዚህ ናቸው። አንዱ የቶፕካፒን ቤተ መንግሥት፣ አንዱ ክሬምሊንን፣ አንዱ ደግሞ ትልቅ መርከብን አስመስለው የሠሩት ናቸው። ትንሽ ያስቃል። ለኤርፖርቱ ቅርብ ነው፤ ከካሌይቺ ግን ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

ልጅ ወይም እናት ይዛችሁ ከሆነ ላራ ሂዱ። ሰባት ሌሊት ካላችሁ ደግሞ እኔ የማደርገውን አድርጉ፦ አምስቱን ላራ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ካሌይቺ። መጨረሻ ላይ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከቅንጦቱ ሆቴል ቀድማችሁ ካሌይቺ ከገባችሁ፣ በኋላ ትልቁ ሆቴል ፋብሪካ ፋብሪካ ይላችኋል።

2. ወቅቱን ምረጡ

ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል፤ የአውሮፓና የሩሲያ ቤተሰብ በሙሉ እዚያ ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ከሄዳችሁ ባሕሩ የበጋውን ሙቀት እንደያዘ ነው፣ ሰዉ ግን ቀንሷል። ግንቦትም ጥሩ ነው፣ ውሃው ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል እንጂ። ታኅሣሥና ጥር ዝናብ ነው።

3. የምትከፍሉት ለምን እንደሆነ አንብቡ

ክፍሎቹ የሚሸጡት በዕይታ ነው። «ሲ ቪው» ማለት ባሕር ፊት ለፊት ነው። «ሳይድ ሲ ቪው» ማለት በረንዳ ላይ ወጥታችሁ አንገታችሁን ስታጣምሙ ባሕር ይታያል ማለት ነው። «ላንድ ቪው» የመኪና ማቆሚያውም ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ ዳርቻ ላይ የምትውሉ ከሆነ መሐለኛው ይበቃል፤ ልዩነቱን ለሐማም፣ ለቱርኮቹ ሙቅ መታጠቢያ ቤት፣ አውሉት።

ቀጥሎ «ሁሉን ያካተተ» የሚለው ነገር። ቱርክኛው «ሄር ሼይ ዳሂል» ነው። «ሁሉን» ሲሉ ግን ሁሉን አይደለም። የቱርክ ሆቴሎች ምን ተካትቶ ምን እንዳልተካተተ የሚዘረዝር ወረቀት አላቸው፤ «ኮንሴፕት» ይሉታል። ኢሜይል ጻፉና አስልኩት። የምታዩት እነዚህን ነው፦ ፊት ለፊታችሁ የሚጨመቅ ጁስ ይከፈልበታል? ከውጭ የገባ መጠጥስ? ከቡፌው ውጪ ያሉት ሬስቶራንቶች ስንት ጊዜ በነፃ ናቸው? ሚኒባሩ በየቀኑ ይሞላል? ባሕሩ ላይ ያሉት ድንኳኖች ኪራይ አላቸው?

ከእ.ኤ.አ. 2023 ጀምሮ 2 በመቶ የማረፊያ ታክስ አለ። ዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባቱን አብራችሁ ጠይቁ።

ከጀርመን ወይም ከሌላ የአውሮፓ አገር የምትነሱ ከሆነ ሆቴሉን ለብቻ፣ በረራውን ለብቻ ከመግዛታችሁ በፊት የጥቅል ዋጋውን አወዳድሩ። እኔ ከፍራንክፈርት ስሄድ በረራ፣ ሆቴልና ከኤርፖርት መቀበያ አንድ ላይ የተሸጠው፣ ሆቴሉን ብቻ ከመግዛት ረክሶ አግኝቼዋለሁ። ጥቅሉን ስትገዙ ግን ወደ ቁጥር 1 ተመለሱና ካርታውን እዩ!

4. ቪዛና በረራ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። የታደሰ የሼንገን፣ የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ ቪዛ ወይም መኖሪያ ፈቃድ ካላችሁ በኢንተርኔት የሚሰጠው ኢ-ቪዛ ሊፈቀድላችሁ ይችላል። የቱርክ መንግሥት ኢ-ቪዛ ገጽ ላይ ዜግነታችሁን ስትመርጡ ራሱ ይነግራችኋል። ገጹን የሚመስሉና የሚያስከፍሉ ደላሎች ስላሉ አድራሻውን ልብ በሉ። የጀርመን ፓስፖርት ቪዛ አይጠየቅም፤ የአሜሪካም ከእ.ኤ.አ. 2023 መጨረሻ ወዲህ ቀርቶለታል።

ከአዲስ አበባ ኢስታንቡል ቀጥታ በረራ አለ፤ ከዚያ አንታሊያ የአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል መንገድ ነው። አንድ ወጥመድ አለ። ኢስታንቡል ሁለት ኤርፖርት አላት፤ አንዱ በአውሮፓው ክፍል፣ ሳቢሃ ጎክቼን የሚባለው በእስያው። ሁለቱን በረራ ለየብቻ በርካሽ ስትገዙ አንዱ ከዚህ፣ ሌላው ከዚያ እንዳይሆን። ያንን ከተማ ሻንጣ ይዞ ማቋረጥ ግማሽ ቀን ይበላል።

5. ሪሰፕሽን ላይ

የቱርክ ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ። አቆጣጠሩ ግን የነሱ ነው፤ ቼክ ኢን 14:00 ካሉ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ቀደም ብላችሁ ከደረሳችሁ ሻንጣ አስቀምጣችሁ ምሳ መብላት ትችላላችሁ፤ ሁሉን ያካተተ ከሆነ የሆቴሉ እንግዳ መሆናችሁን የሚያሳየው የእጅ ማሰሪያ እጃችሁ ላይ ከገባ ጀምሮ መብታችሁ ነው። ስለዚህ ዋና ልብሳችሁንና ነጠላ ጫማችሁን በእጅ ቦርሳ ያዙ።

ፓስፖርት ይወስዳሉ፣ ይመዘግባሉ። ሕጉ ስለሆነ አትደንግጡ፤ ግን ሳትቀበሉ አትሂዱ። ክፍሉ ካልተስማማችሁ በዚያው ቀን፣ ልብሳችሁን ሳታወጡ ተናገሩ። በማግስቱ «ሞልቷል» ነው መልሱ። የከተማው ሆቴሎች ካርዳችሁ ላይ መያዣ ይይዛሉ። ዴቢት ካርድ ከሆነ ያ ብር ከወጣችሁ በኋላም ቀናት ሊቆይ ይችላል።

በካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ «በዩሮ ወይስ በሊራ?» ብሎ ከጠየቃችሁ ሊራ በሉ። ለጉርሻም ሊራ ያዙ። የዩሮ ሳንቲም ለሠራተኛው አይመነዘርለትም፤ ጨርቅ እንደመስጠት ነው።

6. ቡፌው፣ በተለይ በጾም

እናቴን የወሰድኳት በነሐሴ ነበር፤ ፈቃድ ያገኘሁት ያኔ ብቻ ነው። ነሐሴ ማለት ደግሞ ፍልሰታ ማለት ነው። «እንግዲህ ዳቦና ሻይ አላጣም» ብላ ነው የመጣችው።

የመጀመሪያው ቀን የቡፌውን ክዳን አንድ በአንድ እያነሳች አሸተተች። ምስር ሾርባው ጋ ቆመች። ቅቤ ሸተታት። የቱርክ ምስር ሾርባ ላይ ብዙ ጊዜ ቅቤ ይጨመርበታል፤ ልክ ነበረች። ከጀርባ ያለው ሼፍ አያት። እኔ ቀድሜ የሸመደድኩትን ዓረፍተ ነገር አወጣሁ፦ «ኤት፣ ሱት፣ ዩሙርታ የሚዮር።» ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አትበላም ማለት ነው። ለራሳችሁ ስትናገሩ መጨረሻውን «የሚዮሩም» በሉት። ሰውዬው ሳቅ አለና ሰሃን ይዞ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጣ። በቀዝቃዛው ጠረጴዛ ጥግ ወሰደን። በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ አርቲቾክ፣ በቲማቲምና በወይራ ዘይት የበሰለ አረንጓዴ ነገር ጫነበት። እናቴ በሹካ ገለጥ አደረገችው።

«ይሄማ ፎሶሊያ ነው!»

«ፋሱልየ፣ ፋሱልየ!» አለ ሼፉ፣ ቃሏን ሰምቶ። ከዚያ በኋላ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

የምትፈልጉት ቃል «ዘይቲንያሊ» ነው። በወይራ ዘይት ተሠርቶ ቀዝቅዞ የሚበላ የአትክልት ወጥ ዓይነት ነው፤ ትልልቅ ሆቴሎች ውስጥ በየቀኑ ብዙ ዓይነት አለ። የአንታሊያ ፒያዝ የሚባለውንም ፈልጉ። ነጭ ቦሎቄ ነው፣ ከሰሊጥ በተሠራ ወፍራም ስልስ። ሌላው የቱርክ ክፍል ፒያዝ ውስጥ ሰሊጥ አይገባም፤ የዚህ ከተማ የራሷ ነው። አናቱ ላይ እንቁላል ስለሚያደርጉበት «ዩሙርታሲዝ» በሉ፣ ያለ እንቁላል። በሑመራ ሰሊጥ ያደገ ሰው ይህን ሰሃን ትቶ አይነሳም።

የአሳማ ነገር አያሳስባችሁ፤ አብዛኞቹ ሆቴሎች ጭራሽ አያቀርቡም።

ቡናው በትንሽ ሲኒ ነው፣ አተላው ከሥር። ሲኒውን «ፊንጃን» ይሉታል፤ ፍንጃል ብትሉም ይገባቸዋል። ስኳር ካልፈለጋችሁ «ሳዴ» በሉ። አተላው እስኪዘቅጥ ጠብቁ። እናቴ ጠጥታ ጨረሰችና ወዲያ ወዲህ አየች። «አቦሉ ጥሩ ነው። ቶናው የታለ?»

ከቡፌው ውጪ ያሉት ሬስቶራንቶች በቀጠሮ ናቸው። በደረሳችሁበት ቀን፣ ሻንጣ ሳትፈቱ ያዙ። በሦስተኛው ቀን የሚያስታውስ ሰው የዓሣውን ቤት አያገኝም።

7. ባሕሩና ሐማሙ

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፎጣ እያነጠፉ ወንበር የሚይዙ ሰዎች ታያላችሁ። ሆቴሎቹ ክልክል ነው ይላሉ፤ ማንም አይሰማም። ሁለተኛው መስመር ላይ ጥላ ሥር ያለ ወንበር ቁርስ በልታችሁም ታገኛላችሁ፤ እኔ ለፊተኛው መስመር ብዬ እንቅልፌን አልሠዋም።

ወንበሩ የሆቴሉ ቢሆንም ዳርቻው የሕዝብ ነው። የቱርክ ሕገ መንግሥት ባሕር ዳርቻ በመንግሥት እጅ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ሕጉም ለሁሉም ክፍት ያደርገዋል። ስለዚህ ከሆቴላችሁ አጥር አልፋችሁ በውሃው ጠርዝ ረጅም መንገድ መራመድ ትችላላችሁ። ፀሐይ ልትገባ ስትል ሞክሩት። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ግን አትግቡ፤ ከላይ ሰላማዊ የሚመስል ባሕር ከሥር ይጎትታል።

ሐማም ሳትገቡ አትመለሱ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ፔሽተማል የሚባል ስስ ጨርቅ ታገለድማላችሁ። ሞቃት እብነ በረድ ላይ ተኝታችሁ ታልባላችሁ። ከዚያ ሻካራ ጓንት ያጠለቀ ሰው ይመጣና ይፈትጋችኋል፤ «ኬሴ» ይሉታል። ከቆዳችሁ የሚረግፈውን ስታዩ ታፍራላችሁ፤ ሁሉም ሰው ላይ ነው፣ ግድ የለም። መጨረሻ ላይ ከጨርቅ የሚወጣ ደመና የሚያህል አረፋ ይለብሳችኋል። ሹሩባ ወይም የተተኮሰ ፀጉር ያላችሁ ሴቶች የፀጉር መሸፈኛ ላስቲክ ያዙ፣ ካልሆነ ሳይጠይቁ ባልዲውን አናታችሁ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሎቢ ውስጥ «ለዛሬ ብቻ» እያሉ የሚሸጡትን ጥቅል አትግዙ። ዋጋው በሁለተኛው ቀን ይወርዳል።

8. ማሰሪያው አያስራችሁ

ሁሉ ነገር ተከፍሎበት ከግቢ መውጣት ብክነት ይመስላል። አንድ ምሳ ብታጡ ምንም አይደል፤ ውጡ።

ከላራ በከተማ አውቶቡስ ወይም ቆጣሪ በሚያበራ ታክሲ ወደ ሃድሪያኖስ በር ሂዱ። የሮማው ንጉሠ ነገሥት በእ.ኤ.አ. 130 ሲመጣ ነው የተሠራው። ባለ ሦስት ቅስት ነው፤ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ፎቶ ያነሳል። እናንተ ወደ ታች እዩ። በመሐለኛው ቅስት ሥር ያለው ድንጋይ ላይ የሠረገላ ጎማ የቆፈረው ቦይ አለ።

በሩን አልፋችሁ ቁልቁል ውረዱ። ከሲክ ሚናሬ የሚባለው ሕንፃ መጀመሪያ ቤተ መቅደስ፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን፣ ኋላ መስጊድ የሆነ ነው። ይቭሊ ሚናሬ ደግሞ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የሴልጁክ ቱርኮች ሥራ ነው፣ 38 ሜትር ቁመት ያለው ባለ ሸንተረር የጡብ የመስጊድ ማማ። ከዚያ መንገዱ ራሱ ወደ አሮጌው ወደብ ይጥላችኋል።

እዚያ ስንደርስ ለእናቴ የሐዋርያት ሥራ 14ን አስታወስኳት። ጳውሎስና በርናባስ በጴርጌን ሰብከው ወደ አጣልያ ወረዱ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ አንጾኪያ ሄዱ ይላል። አጣልያ ይህቺ ናት፤ የጴርጋሞኑ ንጉሥ አጣሎስ ዳግማዊ የቆረቆራት። እናቴ ምንም አላለችም። ነጠላዋን አስተካክላ ውሃው ጠርዝ ላይ ቆመች፣ ጀልባ ሻጮቹ እየተጣሩባት።

ጀልባውን ያዙት። የታችኛው ዱደን ፏፏቴ 40 ሜትር ከሚያህል ገደል ቀጥታ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ የሚታየው ከባሕሩ ነው። ዋጋውን ከመግባታችሁ በፊት ተስማሙ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅም።

ጴርጌንም ሩቅ አይደለችም፤ ከከተማው 18 ኪሎ ሜትር ያህል። ትራሙ አክሱ ድረስ ያደርሳል፤ ቀሪውን በእግር ወይም በታክሲ። ጠዋት በማለዳ ሂዱ፣ ጥላ የሚባል የለም። አስፔንዶስ ደግሞ ትንሽ ራቅ ይላል፤ የ2ኛው ክፍለ ዘመን የሮማውያን ቲያትር ነው፣ መድረኩ ሳይቀር የቆመ። ሙሉ ቀን ከሰጣችሁት ሁለቱን በአንድ መኪና ማየት ይቻላል። ሆቴሉ ውስጥ የሚሸጠውን ጉብኝት ከገዛችሁ «ስንት ሱቅ ላይ ይቆማል?» በሉ። እኛን የወሰደን መኪና ቆዳ ቤትና ወርቅ ቤት ያቆየን ከቲያትሩ በላይ ነው።

9. ስትወጡ

ቼክ አውት አብዛኛውን ጊዜ 12:00 ነው፣ በእኛ 6 ሰዓት። በረራችሁ ማታ ከሆነ ሻንጣችሁን አስቀምጣችሁ ዳርቻው ላይ መዋል ትችላላችሁ፤ ገላ መታጠቢያ በስፓው በኩል አለ። ማሰሪያው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ግን ጠይቁ፣ ከሆቴል ሆቴል ይለያያል። የሂሳብ ወረቀቱን መስመር በመስመር እዩት። እኔ ያልነካሁት ሚኒባር ተጽፎብኝ ያውቃል፤ ስናገር ወዲያው ሰረዙት።

ማሰሪያውን በመቀስ ይቆርጡላችኋል። እናቴ ግን እጇን ሰበሰበች፤ «ለማስታወሻ ነው» አለች። አዲስ አበባ ድረስ አድርጋው ገባች። በማግስቱ ጎረቤታችን እትዬ እጇን አይተው ክው አሉ።

«ምነው፣ ሆስፒታል ተኝተሽ ነበር እንዴ?»